የጓሮው አፈር

ታዲዮስ የሲላስን ቪዲዮ የሚያየው ድምፁን አጥፍቶ ነው። በዲላ ከተማ ሃያ ስድስት ዓመት ግንብ የገነባ፣ ቁጥሩን ራሱም የዘነጋው መኖሪያ ቤት ያቆመ ትልቅ ሰው፣ በገዛ ሳሎኑ ሶፋ ጥግ ይዞ፣ ሚስቱ ጸሐይ ከጓዳ ብቅ ባለች ቁጥር ስልኩን ጭኑ ሥር ይሸጉጣል። ድምፁን ማጥፋቱ ግን ብዙም አልጠቀመውም። ሲላስ የሚናገረውን ከከንፈሩ እንቅስቃሴ ብቻ ይረዳዋል፤ አብዛኛውን ያስተማረው እሱ ነዋ።

ሲላስ ከዲላ አጠገብ ያለችው የጪጩ ልጅ ነው፤ አርባ ሊሞላው አንድ ዓመት ቀርቶታል። ዘጠኝ ዓመት ታዲዮስ ሥር ሠራ። ከዚያ ኮንጋ አንድ የቡና ማጠቢያ የሚገነባ ሰው ሲጠራው ሄደ፤ ከዚያ ሐዋሳ ገባ፤ ከዚያ በሞተር ሳይክል ተመልሶ መጣና ስልኩን ድንጋይ ላይ አስደግፎ ለሕዝብ ምክር መስጠት ጀመረ። የጣራ ሚስማር በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ በጎድጓዳው ላይ አይመታም። ልስን ውሃ ሳይጠጣ አይተውም። አሸንዳ በየስንት ጊዜው ይጠረጋል። ለሥራ ፈላጊ ወጣቶች ደግሞ ከማን ጋር እንደሚጀመር፣ አሠሪ ሲቆጣ ምን እንደሚባል፣ እጅ ሲላጥ ምን እንደሚደረግ። ከገደብ እስከ ዲላ የማያየው የለም። የታክሲ ረዳቶች ሳይቀሩ እሱን እየጠቀሱ ስለ ሲሚንቶ ይከራከራሉ።

ታዲዮስ ይህን ስሜቱን ቅሬታ ይለው ነበር። ቅሬታ አልነበረም፤ ቅናት ነው፣ ያውም አንጀት የሚበላ ቅናት። ሰው ሲላስን ባመሰገነ ቁጥር ቆሽቱ ያራል፤ ሰው ሲላስን በተቸ ቁጥር ደግሞ ቀኑ ይበራለታል። ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበው ግን ሲላስ ስሙን አለመጥራቱ ነው። «አንድ ያስተማረኝ ሰው ነበር» ይላል ሲላስ፣ እና ያልፋል። አንድ ሰው ማን ነው? አንድ ሰው ማለት ስም የለውም? ስምንት ዓመት ሙሉ ታዲዮስ ያንን ስም ከዚያ አፍ ጠበቀ፣ አልመጣም። የተለያዩ ዕለት እሱ ራሱ ምን ብሎ እንደሸኘው ግን ማስታወስ አይወድም።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ የታዲዮስ ቤት ግድግዳ ይበሰብስ ነበር።

ቤቱ ከዋናው መንገድ ወደ ላይ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። የዛሬ አሥራ ሰባት ዓመት ዳገቱን ቆርጦ፣ መሠረቱን በድንጋይ፣ ግድግዳውን በብሎኬት፣ በገዛ እጁ የሠራው ቤት። የሳሎኑ የኋላ ግድግዳ ታዲያ የበልግ ዝናብ በመጣ ቁጥር ከወለሉ እስከ ወገብ ይጠቁራል። ታዲዮስ አራግፎ ለሰነው፤ ጠቆረ። አራግፎ ለስኖ ጀሶ መታው፤ አበጠና ተላጠ። ለሦስተኛ ጊዜ ለስኖ በዘይት ቀለም ደራረበው፤ ቀለሙ እንደ ቁራጭ ጨርቅ እየተገሸለጠ ወረደ። አሁን ግድግዳው ላይ ሰፊ መጋረጃ ተሰቅሏል፤ መጋረጃው ራሱ ሻግቷል።

ሦስት ሳምንት ቀርቷል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጃቸውን ቤቴልን ለመጠየቅ ከይርጋጨፌ ሽማግሌ ይመጣል። አምስት ሽማግሌ እዚያ ሶፋ ላይ ተደርድሮ፣ የግንበኛ ሴት ልጅ ሊጠይቅ፣ ፊት ለፊቱ የግንበኛውን ግድግዳ እያየ ይቀመጣል። ታዲዮስ ይህን ሲያስብ እንጀራው አይወርድለትም።

ጸሐይ አንድ ቀን ሳህን እያነሳች፣ ለምን ሲላስን ጠርተን አናሳየውም አለችው። እንዲሁ እንደ ቀላል ነገር ነው ያለችው። እሱ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ተነሣ።

«ሲላስ ግድግዳዬን ከሚያይ ግድግዳው ይፍረስ» አላት።

ጸሐይ ሳህኑን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። እሷ ሃያ አምስት ዓመት አብራው የኖረች ሴት ናት፤ መቼ መናገር እንደማያዋጣ ታውቃለች። ሌላ መንገድ እንደምትፈልግም ታዲዮስ ማወቅ ነበረበት።

በማግስቱ ነዚፍ ዘንድ ሄደ። ነዚፍ አስፋልቱ ዳር የሕንፃ ዕቃ መደብር ያለው፣ የታዲዮስ የድሮ ደንበኛና ወዳጅ ነው፤ ቀልድ የሚወድ፣ ቀልዱ ግን የት እንደሚያርፍ የማያይ ሰው። ታዲዮስ አንድ ባልዲ የዘይት ቀለም ጠየቀው። ነዚፍ ከመደርደሪያው እያወረደ፣ ወላሂ ያንተ ልጅ ሥራ ሊያስፈታኝ ነው አለው። ሲላስ በሰሞኑ ቪዲዮው የዘይት ቀለም እርጥበትን ያፍነዋል እንጂ አያስቆመውም ብሎ ስለተናገረ፣ ከዚያ ወዲህ ለግድግዳ የሚገዛው ሰው ጠፍቷል።

«አንተ ብቻ ነህ የምትገዛኝ» አለው ነዚፍ እየሳቀ።

ታዲዮስ ለደንበኛ ነው አለ። ደንበኛው ማን እንደሆነ ነዚፍ ሲጠይቀው፣ አላዋቂ ሰው ነው ብሎ ባልዲውን አንጠልጥሎ ወጣ። መንገድ ላይ ባልዲውን ሊጥለው ሁሉ ዳድቶት ነበር። የዘይት ቀለም እርጥበትን እንደሚያፍን ለሲላስ መጀመሪያ የነገረው እሱ ነበር፤ ያም ሆኖ ባልዲውን ይዞ ወደ ቤቱ ወጣ።

እሑድ ደግሞ ቤተክርስቲያን ሌላ ነገር ጠበቀው። የወጣቶች አገልጋይ የሆነው ፍሬዘር ከስብከቱ በኋላ ተነሥቶ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት ወንድም ሲላስ በአዳራሹ ስለ ሥራና ስለ ቤት አያያዝ ምክር እንደሚሰጥ፣ ትልቁም ትንሹም እንዲመጣ ተናገረ። በጉባኤ መጠየቅ የሚያፍር ካለ ጥያቄውን ስሙን ሳይጽፍ በወረቀት ጽፎ በር ላይ ባለው ቅርጫት ውስጥ መጣል ይችላል። ጉባኤው አሜን አለ።

ታዲዮስ አሜን አላለም። ቀና ብሎ አዳራሹን አየ። ያንን ግድግዳ በቱምቢ እየለካ ያቆመው እሱ ነው፤ ያንን መስኮት ያስገባው እሱ ነው፤ ፍሬዘር የቆመበትን መድረክ የደለደለው እሱ ነው። በሠራው አዳራሽ ውስጥ፣ ከሠራው መድረክ ላይ፣ ያስተማረውን ሰው ጠርተው እሱን ተመልካች ሊያደርጉት ነው። እንደማይሄድ ለራሱ ማለ። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ጸጉሩን አበጥሮ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ከሁሉ ቀድሞ ደርሶ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሲላስ በሥራ ቱታው ነው የመጣው፤ ቱታው ግን ታጥቦ ተተኩሷል። ታዲዮስ ይህቺንም ቆጠረበት። ሲላስ ማይኩን ይዞ ቀስ ብሎ፣ ያለ ጩኸት ተናገረ። ሥራ ስትፈልጉ ስንት እንደሚከፈል ብቻ አትጠይቁ፤ ማን ሥር እንደምትሠሩም ጠይቁ አለ። አሠሪ ይቆጣል፤ ቁጣውን ትታችሁ እጁን እዩ፤ አፉ የሚሳደብ ሰው እጁ ያስተምራል አለ። ወጣቶቹ ጻፉ። ታዲዮስ እኔን ነው አለ በሆዱ፤ እኔን ተሳዳቢ ማለቱ ነው። እጁ ያስተምራል የሚለውን አልሰማውም፣ ወይም ሰምቶ መስማት አልፈለገም።

ቀጥሎ ስለ ቤት መጣ። ግድግዳ ሲበላሽ እድፉን አትዩ አለ ሲላስ፤ ውሃው የገባበትን ፈልጉ፤ ውሃ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል ነው የሚታየው።

ታዲዮስ ይህችን ቃል የተናገረበትን ቦታና ሰዓት ያውቃል። አንድ ትምህርት ቤት ጣራ ሥር፣ ዝናብ እየጣለ፣ ሁለቱም እርጥብ ሆነው ቆመው ሳለ ነበር ያላት። ያን ጊዜ ሰሚዋ አንድ ሲላስ ብቻ ነበር። አሁን ግን ሦስት መቶ ሰው እየጻፋት ነው፣ የሲላስ ብሎ። ከኋላ ተነሥቶ የእኔ ናት ሊል አፉ ላይ ደርሶ ነበር፤ ትልቅ ሰው መሆኑ ያዘው።

ፍሬዘር ቅርጫቱን አመጣ። የመጀመሪያው ወረቀት ስለሚያፈስ ጣራ ነበር። ሁለተኛው አንዲት ልጅ፣ ሴት ሆኜ ግንበኛ መሆን እችላለሁ ወይ ብላ የጠየቀችው፤ ሲላስ ሐዋሳ ከእሱ የተሻለ ሴራሚክ የምታነጥፍ ሴት አብራው እንደሠራች ነገራት። ሦስተኛውን ዘርግቶ ጮክ ብሎ አነበበ።

«የሳሎናችን የኋላ ግድግዳ ከወለሉ እስከ ወገብ ይጠቁራል። ሦስት ጊዜ ተለስኖ ሦስት ጊዜ ተበላሸ። ቤቱ ዳገት ላይ ነው። ከግድግዳው ጀርባ እንሰት አለ። እንግዳ ሊመጣብን ነውና ምን እናድርግ?»

ታዲዮስ ቀስ ብሎ ወደ ሴቶቹ በኩል ዞረ። ጸሐይ የመዝሙር መጽሐፍ ገልጣ፣ ማንም በማይዘምርበት ሰዓት፣ በጥሞና ታነባለች።

ሲላስ ወረቀቱን እንደገና በዓይኑ አነበበው። ቤቱን አውቆታል፤ መሠረቱን አብሮ ቆፍሮ እንዴት አያውቀው። ወደ ኋላው አግዳሚ ግን ዓይኑን አልላከም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ ይህ የልስን ጥያቄ አይደለም አለ።

ከዚያ አስረዳ። እኛ ጌዴኦዎች እንሰቱን ከቤት ጀርባ እንተክላለን፤ ጥራጊውን፣ አመዱን፣ ፍጉን እዚያው እንደፋለን። አፈሩ በየዓመቱ ከፍ ይላል። ዳገት ላይ ሲሆን ደግሞ ከላይ የሚወርደው ይጨመርበታል። አንድ ቀን ጓሮው ከሳሎኑ ወለል ይበልጣል። ያን ጊዜ ግድግዳው ቤት መሆኑ ቀርቶ የአፈር መደገፊያ ነው፤ ውሃውን ሲጠጣ ይኖራል። ከውስጥ መቶ ጊዜ ብትለስኑት አይሰማችሁም። እንሰቱን አንሡ፤ አፈሩን ከወለሉ ሁለት ስንዝር ዝቅ እስኪል ቁረጡ፤ የውሃ መውረጃ ቦይ አውጡ፤ የውስጡን ልስን አራግፋችሁ ብሎኬቱ ይተንፍስ። እንግዳው ቢመጣ ባዶውን ግድግዳ ይይ፤ የሚያሳፍረው የተሸፈነ ብስባሽ ነው እንጂ እየታከመ ያለ ግድግዳ አይደለም።

ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። ሲላስ ግን አልጨረሰም።

«ይህን እንዴት አወቅህ ብትሉኝ፣» አለ፣ «እንዲህ ያለ ቤት አንድ አውቃለሁ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። መሠረቱ ሲቆፈር የወጣውን አፈር በባሬላ አውጥተህ ድፋ ብሎኝ ነበር ያስተማረኝ ሰው። ደክሞኝ ነበር። እሱ ለምሳ ሲሄድ ሁሉንም ከግድግዳው ጀርባ ገፋሁት። እሱ አላወቀም።»

ታዲዮስ ወደ አግዳሚው ጫፍ ተሳበ።

እንዲህ አልነበረም። ያ ቀን ተከድኖ ከኖረበት ቦታ መጣበትና ፊቱ ተገተረ። አፈሩ ተከምሮ ነበር፤ ባሬላውን ሲላስ በአንድ በኩል ይዞት ነበር። ወደ ኋላ ግፉት፣ ለእንሰት ይሆነናል፣ ጥሩ ቀይ አፈር ነው ያለው ታዲዮስ ራሱ ነው። ሲላስ ገና የመጀመሪያ ዓመቱ ነበር፤ ጋሼ፣ ከወለሉ ሊበልጥ ነው እኮ አለ። ታዲዮስም በሠራተኛው ሁሉ ፊት፣ አካፋህን ያዝ፣ እኔን ልታስተምር ነው የመጣኸው ብሎ አዋረደው። አሥራ ሰባት ዓመት ረስቶት ነበር። በእውነት ረስቶት ነበር። ሦስት ጊዜ ሲለስን አንድ ቀን እንኳ ወደ ጓሮ ዞሮ አላየም።

አዳራሹ ውስጥ የአድናቆት ማጉረምረም ተነሣ። አንዲት እናት ጌታ ይባርክህ ልጄ አሉ። ፍሬዘር ማይኩን ተቀብሎ፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ጥፋቱን በጉባኤ ፊት የሚናገር ሰው እንዲህ ነው አለ። ጭብጨባ ሆነ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተሳስቷል። በኋላ የታዲዮስን ነገር ሲያወሩ ንስሐ ነው ያሉ አሉ፤ መንፈስ ነክቶት ነው ያሉ አሉ። ከአግዳሚው ያስነሣው ግን ያው የድሮው ቅናት ነበር። ቃሉን ወስዶበታል፤ እሺ። አዳራሹን ወስዶበታል፤ እሺ። ሰዉን ወስዶበታል፤ ይሁን። አሁን ደግሞ ጥፋቱን ወስዶ ሊመረቅበት ነው። ያ ጥፋት የታዲዮስ ነው። በገዛ አፉ ያዘዘው፣ በገዛ ቤቱ ያበሰበሰው፣ አሥራ ሰባት ዓመት የኖረበት የራሱ ጥፋት። ያንንስ አይሰጥም።

«ያ አፈር የእኔ ነው» አለ ቆሞ።

ሦስት መቶ አንገት ወደ ኋላ ዞረ። የጸሐይ መጽሐፍ ተዘጋ።

«ቤቱም የእኔ ነው፣ ጥፋቱም የእኔ ነው። ግፋው ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ አይሆንም ብሎኝ ነበር፤ ሰው ፊት አዋረድኩት። ያላጠፋውን አጠፋሁ አይበል።»

ድምፁ መጨረሻው ላይ ተሰበረበት፤ በቁጣ ነው ብሎ ሊያሳልፈው ሞከረ። መቀመጥ አቃተው። መውጣትም አቃተው። ሲላስ ከመድረኩ ወርዶ በመካከለኛው መተላለፊያ ግማሽ ድረስ መጣና ቆመ። ማይኩን አልያዘም።

«ጋሼ፣ ኮንጋ ልሄድ የተሰናበትኩዎ ቀን፣ ስሜን በአፍህ እንዳታነሣ ብለውኝ ነበር» አለው። «አላነሣሁም። አሁን ልጥራ?»

ታዲዮስ ያንን ቀን ማስታወስ አይወድም ብያለሁ። አሁን ግን ሁሉም ተሰለፈበት፤ የመንገዱ ጥግ፣ የሲላስ ሻንጣ፣ የገዛ ድምፁ። ስምንት ዓመት ሙሉ አልጠራኝም ብሎ የቆሰለበት ሰው፣ ስምንት ዓመት ሙሉ ሲታዘዘው ኖሯል። ቅናቱን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

«ጥራ» አለው፣ ለራሱ እንኳ በቅጡ በማይሰማ ድምፅ።

ሲላስ ወደ ጉባኤው ዞረ። ያስተማረኝ ሰው ታዲዮስ ወልዱ ይባላሉ አለ፤ ይህን አዳራሽ የሠሩት እሳቸው ናቸው፤ ዛሬ ከነገርኳችሁ ውስጥ የእኔ የሆነ ብዙም የለም።

ወደ ቤት ሲመለሱ ታዲዮስና ጸሐይ ዳገቱን ወጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ፣ ወረቀቱን ማን እንደጻፈው ጠየቃት።

«ግድግዳው ነዋ» አለች ጸሐይ፣ እና ቁልፉን አወጣች።

ሰኞ ጠዋት ሲላስ አካፋና ዶማ በሞተር ሳይክሉ ላይ አስሮ መጣ። ማንም አልጠራውም፤ ማንም አትግባ አላለውም። ጸሐይ እንሰቶቹን አንድ በአንድ ወደ አጥሩ በኩል አዛወረች፤ ሁለቱ ወንዶች ከሁለት ጫፍ ጀምረው መቆፈር ያዙ። ታዲዮስ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የሲላስ ጎን ቀድሞ እየጠለቀ መሆኑን አየና ዶማውን አፈጠነ። ወገቡን ሲያመው ቀና ብሎ የሲላስን አካፋ አየ፤ አዲስ ነው፣ እጀታውም ከእሱ ይሻላል። ይህችም ቆጠቆጠችው። አመል ነው፤ በአንድ ቅዳሜ አይለቅም።

ወደ ምሳ ሰዓት ገደማ ከግድግዳው ላይ አፈሩ ሲላቀቅ፣ መሠረቱ አልቆ ብሎኬቱ የተጀመረበት መስመር ብቅ አለ። ጓሮው ከዚያ መስመር በላይ እስከ ወገብ ደርሶ ነበር። ከውስጥ የጠቆረውም ልክ እስከዚያው ነው። አንድ ስንዝር አላለፈ፣ አንድ ስንዝር አልጎደለ።

ታዲዮስ በአውራ ጣቱ መስመሩን ተከትሎ ብሎኬቱን ዳሰሰ። ርጥብ ነበር፤ ጣቱ ላይ ተፈረፈረ። ሲላስም ሥራውን አቁሞ አየ። ስለ አፈሩ የሚናገር ሰው ቢኖር እሱ ነበር፤ አልተናገረም።

ጉባኤ ፊት ጥፋቴ ነው ማለት ለታዲዮስ አልከበደውም፤ ጥፋቱን ከሰው እጅ መንጠቅ ነበር። አሁን የሚነጠቅ ነገር የለም። ከሁለቱና ከቦዩ ዳር ጭቃዋን ከምታራግፈው ጸሐይ በቀር የሚሰማም የለም።

«ልክ ነበርክ» አለ፣ ግድግዳውን እያየ።

ሲላስ፣ ምን አሉኝ ጋሼ፣ አለው።

ታዲዮስ ዞሮ ፊት ለፊት አየው።

«ልክ ነበርክ ነው የምልህ። ያን ጊዜ ልሰማህ ይገባኝ ነበር።»

ሲላስ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ፤ ላቡ እንደሆነ ለማስመሰል ግንባሩንም ጨምሮ ጠረገ። ከዚያ አዲሱን አካፋውን እጀታውን ወደፊት አድርጎ አቀበለው፣ የታዲዮስን አሮጌ ወሰደ፣ እና ወደ ጎኑ ተመልሶ መቆፈር ጀመረ።